ስለ ሐኪሙ ጉዳይ

ሰኒዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ስድቡን ስንገናኝ ትጨርሺዋለሽ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መግባትሽንና ሆድሽ መግፋቱን ከእህትሽ ሰማሁ፤ እልል! ግን «የሕፃናት ሐኪም አግኝታለች፣ ሀበሻ ነው፣ ሁሉም ጎበዝ ነው ይላሉ» ስትለኝ ዝም ማለት አቃተኝ። ማነው ሁሉም? የቤተ ክርስቲያን ሰው የዶክተሩን ጸባይ ይነግርሽ ይሆናል፣ ፈቃዱን ግን አላየም።

ላይሰንስ፣ ማለትም የሥራ ፈቃድ፣ እና ቦርድ ሰርቲፋይድ መሆን፣ ማለትም የስፔሻሊስትነቱን ፈተና ማለፍ፣ ይለያያሉ። ላይሰንሱን የሚሰጠው ስቴቱ ነው። የሜሪላንድ ሐኪሞች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ስሙን በነፃ ትፈልጊዋለሽ። «አክቲቭ» የሚለውን አይተሽ ብቻ አትዝጊው፤ የሚያበቃበትን ቀንና ቦርዱ የወሰደበት እርምጃ መኖር አለመኖሩንም እይ። እርምጃ ካለ ትዕዛዙን ራሱን አንብቢ። ሐኪሞች በየጊዜው የሚወስዱትን የተከታታይ ትምህርት ሰዓት ሳያሟላ የተቀጣና ታካሚ የጎዳ አንድ አይደሉም። ቨርጂኒያ ወይም ዲሲ ባለው ክሊኒኩ የሚያይሽ ከሆነ ደግሞ የዚያን ላይሰንስ ለብቻው እይ።

ላይሰንስ ያለው ሁሉ ግን የሕፃናት ስፔሻሊስት አይደለም። የ3 ዓመት የሕፃናት ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሥልጠና) ጨርሶ ፈተናውን ካለፈ፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ከስሙ ቀጥሎ «ዲ ኦ» (የኦስቲዮፓቲ ሐኪም፣ እንደ «ኤም ዲ» ሙሉ ሐኪም ነው) የሚል ካለበት በኦስቲዮፓቶቹ ቦርድ በኩል ሊሆን ስለሚችል እዚያም ሞክሪ።

ስሙ አልወጣም ብለሽ እንዳትደነግጪ። የኛ ስም ነዋ! ጸጋዬን አንዱ በ«ቲ»፣ ሌላው በ«ቲ ኤስ» ይጀምረዋል፤ ያባቱን ትቶ ያያቱን ላስት ኔም ያደረገም ሞልቷል። ኤን ፒ አይ የሚባለው፣ ለየሐኪሙ የተሰጠው መለያ ቁጥር የሚገኝበት የፌዴራል መዝገብ ላይ ከስሙ ሁለት ፊደልና የኮከብ ምልክት ብታስገቢ ተመሳሳዮቹን ያወጣልሻል። ብዙ ጊዜ የላይሰንስ ቁጥሩም እዚያው ስላለ እሱን ይዘሽ ወደ ሜሪላንዱ ትመለሻለሽ። ኤን ፒ አይ መኖሩ ብቻውን ግን ስለ ብቃቱ ምንም አይነግርሽም፤ ቁጥር ነው።

ክሊኒኩ ጋ ስትደውዪ «ኢንሹራንሴን ትቀበላላችሁ?» አትበያቸው፤ ወዲያው «አዎ» ይሉሽና የክፍያው ሂሳብ በኋላ ይመጣል። ካርድሽ ላይ ያለውን የፕላኑን ስም አንብቢላቸውና «ዶክተሩ ኔትወርክ ውስጥ ነው?» በይ (ከፕላኑ ጋር ውል አለው ወይ ማለት ነው)፣ ከዚያ ኢንሹራንሱ ጋም ደውለሽ አረጋግጪ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ይቀበል እንደሆነም ጠይቂ፤ የመጀመሪያው ቀጠሮ በተወለደ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ስለሆነ ከወለድሽ በኋላ ሐኪም ፍለጋ አይሆንም። ኢንሹራንስሽ በሥራ በኩል ከሆነ ልጁን በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቢው፣ ቀኑ ካለፈ ጣጣው ብዙ ነው።

እንግሊዝኛው ከከበደሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ክፍያ የለውም። ባልሽን አስተርጓሚ እንዳታደርጊው፣ ግማሹን ይውጠዋል!

የዶክተሩን ስም ከነስፔሊንጉ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ደግሞ... ይህን ያህል ጠፍቼ መጠየቁ ይገባኝ እንደሆን እንጃ እንጂ፣ ሴት ነው ወንድ? ሕፃኑን ማለቴ ነው።