ደኑስ ታጠረ፣ በመሀል ያለው ባዶ ሜዳስ?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

እዚህ ባሕር ዳር ሃይስኩል ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ተወልጄ ያደግኩት ግን ዘጌ ነው። ስለ ቤተክርስቲያን ደኖች የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ፣ ደስም ይለኛል፣ ግን ሁሌ የሚወራው ስንት ችግኝ ተተከለ ስንት ደን ታጠረ ነው፣ ዘሩን ከደን ወደ ደን ማን ይሸከመዋል፣ ተሸካሚውስ እስከየት ድረስ ይሄዳል የሚለውን ማንም ሲያነሳው አላየሁም።

ነገሩን ያስጀመረኝ አንድ ተማሪዬ ነው። ቲቸር፣ ልጁን በከረጢት የሚያሳድገው ካንጋሮ ብቻ ነው እንዴ አለኝ። አይደለም፣ ማርሱፒያል የሚባሉት ብዙ ናቸው፣ አፍሪካ ውስጥ አንድም የለም እንጂ አውስትራሊያና ደቡብ አሜሪካ ሞልተዋል አልኩትና ስለ አንዷ ነገርኩት። ሞኒቶ ዴል ሞንቴ ትባላለች፣ በስፓኒሽ የተራራ ትንሽ ጦጣ እንደማለት ነው፣ ጦጣ ግን አይደለችም፣ አይጥ ብታክል ነው፣ ክብደቷ ከ20 እስከ 40 ግራም ገደማ ነው፣ የምትኖረውም ቺሊና ከጎኗ ባለው የአርጀንቲና ደን ውስጥ ነው። ቀን ትተኛለች፣ ማታ ዛፍ ለዛፍ ትሄዳለች፣ ክረምት ሲመጣ (የነሱም ክረምት የኛ ክረምት በሚሆንበት ወር ነው) ጅራቷ ስር ያጠራቀመችውን ስብ እየጨረሰች በቀርከሃ ቅጠል በሰራችው ጎጆ ድብን ብላ ትተኛለች።

ክፍሉን ጸጥ ያደረገው ግን የተቀጽላው ነገር ነው። ተቀጽላን መቼም የማያውቅ የለም፣ እኛ ጋ ዘሩን የሚያዛምቱት ወፎች ናቸው። እናቴ ጓሮ ያለ ሎሚ ላይ አንዴ ጠጋ ብዬ አይቼዋለሁ፣ ዘሩ እንደ ሙጫ ባለ ነገር ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ፣ አረንጓዴ ጭራ አውጥቶ፣ የጭራው ጫፍ ወደ ቅርፊቱ ጎንበስ ብሎ ሊገባ ሲል። በዛ በቺሊ ደን ግን ተቀጽላውን የምትዘራው ይቺ ሚጢጢ እንስሳ ናት፣ ፍሬውን ትውጠዋለች፣ ዘሩ በሆዷ አልፎ ሲወጣ እንደ ጨሌ ተያይዞ ቅርንጫፍ ላይ ይለጠፋል። ተቀጽላው ደግሞ በክረምት ሌላ አበባ በሌለበት ጊዜ ያብባል፣ አንዲት ትንሽ ወፍ በሱ ነው ክረምቱን የምታልፈው። እንግዲህ እንስሳዋ ከጠፋች ተቀጽላው ይጠፋል፣ ወፏም ትራባለች ማለት ነው።

እና እስከየት ነው የምትሄደው? ተመራማሪዎች ሚጢጢ ሬድዮ አስረውባት ተከታትለዋታል፣ የምትዘዋወርበት ክልል አንድ ሁለት ሄክታር ገደማ ነው፣ በኛ በጎጃም ልክ ከ4 እስከ 8 ቃዳ በሉት። ብራዚል ውስጥ ደግሞ ሌሎች ትንንሽ ማርሱፒያሎች ጀርባ ላይ ጥቅል ክር ለጥፈው ይለቋቸዋል፣ እንስሳው ሲሄድ ክሩ እየተተረተረ በየቅርንጫፉ ይቀራል፣ በነጋታው ክሩን ይዘህ የት እንደወጣ የት እንደዞረ የት እንዳደረ ታገኘዋለህ። የቺሊዋ ትልቁ ችግሯ ባዶ ሜዳ ነው፣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ካልተገናኘላት ወዲያኛው ደን በቀላሉ አትሻገርም። እኔን የገረመኝ ግን ባሕር ዛፍ ተክል ውስጥም ተገኝታለች፣ ከስሩ ያገሩ ቁጥቋጦ እንዲበቅል በተተወበት ቦታ።

ወደኛው ልምጣ። ከባሕር ዳር በሐሙሲት በወረታ አድርጋችሁ ወደ ደብረታቦር የሄዳችሁ አይታችኋል፣ ዳርና ዳር እርሻ ሆኖ እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ ክብ፣ መሀሉ ቤተክርስቲያን። የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴና ካህናቱ ከገበሬው ጋር ሆነው ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ እየካቡ አንዳንዱን አጥረውታል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ከብት ካልረገጠው ቡቃያው ይተርፋል። ግን አጥር ከብት ነው የሚያግደው፣ በሁለት ደን መሀል ያለውን ሜዳ አይሞላውም። ዘጌን ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል፣ እኛ ጋ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ማረስ ነውር ሆኖ በቡና በጌሾ በሎሚ ስለተኖረ ደኑ አንድ ላይ ነው፣ ጦጣው ከጫፍ ጫፍ መሬት ሳይነካ ይሄዳል።

አዘውትሬ በእግሬ የምሄድበት አንድ መንገድ አለ፣ በሁለት ቤተክርስቲያን መሀል፣ ምንጩን ተከትሎ የአጋምና የዶቅማ ቁጥቋጦ ነበረው፣ ሰፊም አልነበረም አስር እርምጃ ቢሆን ነው፣ አመሻሽ ላይ ጦጣዎች ልጆቻቸውን ይዘው በሱ ሲያልፉ አይ ነበር። አምና ተመነጠረና ባሕር ዛፍ ተተከለበት፣ ከስሩም እየተጸዳ ነው። አሁን ጦጣዎቹ አጥሩ ድረስ ይመጡና ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ሜዳውን ያያሉ፣ ከዛ ይመለሳሉ። ጦጣ እንኳን እንዲህ ከሆነ ማታ ማታ የሚወጡት ትንንሾቹ ምን ሆነው ይሆን እላለሁ።

ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውም እየኖረበት ተፈጥሮው የሚጠበቅበት ቦታ) ተብሎ ተመዝግቧል፣ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ አጠገባችን አለ፣ የኛ ደን እንስሳት በሌሊት እስከየት እንደሚሄዱ ክር አስሮ መከተል ብዙ ብር የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ገበሬውን ባሕር ዛፍህን ንቀል አልልም፣ ልጁን የሚያስተምረው እሱን ሸጦ ነው፣ ከስሩ የሚበቅለውን አትመንጥር ነው የምለው። ችግኝ የምትተክሉም ሁሉንም አንድ ሜዳ ላይ ከምታፈሱት በየወንዙ ዳር በመስመር አድርጉት፣ ደን ከደን እንዲያገናኝ።

እኔና ተማሪዎቼ የዋንዛና የዶቅማ ዘር ለቅመን በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ እያፈላን ነው፣ እስካሁን 40 በቅሎልናል፣ ለሐምሌ ይደርሳል። ከምንጭ ወይ ከወንዝ ዳር አስር እርምጃ መሬት የሚፈቅድልን ሰው ካለ በናንተ በኩል ያሳውቀን።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከባሕር ዳር