ለእማዬ፦ የእጅ ጽሑፍሽን አንብቤ ጨረስኩ

እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ትልቋ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ገባች። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ የተባበሩት መንግሥታትን ጉባኤ አስመስለው የሚከራከሩበት ክበብ አለ። ተመዝግባ የደረሳት አገር ብራዚል ሆነና ኩርፊያ ሆነ። «የአያቴን አገር ካልሰጡኝ እተዋለሁ» አለች። የደረሰሽን አገር ጥቅም አጥንተሽ መከራከር ነው ሥራው፣ አያትሽም ዕድሜዋን ሙሉ ስትለፋበት የኖረችው ይሄው ነው አልኳት። አሁን የብራዚልን የቡና ምርት ሳይቀር አጥንታ እራት ላይ ታስተምረናለች። ትንሹ ዋና ጀምሯል፤ ውኃ አይፈራም፣ የምንፈራለት እኛ ነን። አባታቸው እጅ ነሥቷል።

እዚህ ብርዱ ገብቷል። የሳሎኑ መስኮት ተሠራልሽ? የደረጃው መብራት ተቃጥሏል ብለሽኝ ነበር፤ ተቀየረ? እባክሽ በጨለማ አትውረጂ።

የእጅ ጽሑፍሽን አንብቤ ጨረስኩ። የአጎቴ ልጅ በስልክ እያነሣ የላከልኝን ሁሉ በወረቀት አትሜ፣ ለየገጹ ቁጥር ሰጥቼ፣ ልጆቹ ሲተኙ ማታ ማታ አነበብኩት። መጽሐፍ ይሆናል። ልጅሽ ስለሆንኩ አይደለም እንዲህ የምልሽ።

በ1963 የዲፕሎማትነት ሥራ የጀመርሽበትን ክፍል ደጋግሜ አነበብኩት። የመጀመሪያ ሥራሽ የእራት ግብዣ መቀመጫ መደልደል ነበር፤ አንቺ ግን ማን ከማን ጎን መቀመጥ እንደማይፈልግ እያየሽ የአገሮቹን ጠብና ወዳጅነት አጠናሽበት። ሌላው ሰው እንደ ቀላል ሥራ የሚያየውን አንቺ ትምህርት ቤት አደረግሽው። የቤጂንጉም እንደዚሁ። ሞንጌላ የምትባለው ታንዛኒያዊት ዋና ጸሐፊ ሆና የመራችው፣ የ189 መንግሥታት ተወካዮች የተሰበሰቡበት የሴቶች ጉባኤ በዜና ላይ ንግግርና ጭብጨባ ነበር። አንቺ የጻፍሽው ስለ ቅንፉ ነው። ያልተስማማችሁበት ሐረግ ሁሉ በቅንፍ ይታሠራል፤ አንዷን ቅንፍ ለማስነሣት ሌሊቱ ይነጋል፤ የአንድ ቃል ቦታ ስትቀያይሩ የአንዲት ገጠር ያለች ሴት የርስት መብት ይገባል ወይም ይወጣል። ይህን ያነበበ ሰው ዲፕሎማሲ ከኮክቴል ግብዣ ሌላ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ጉባኤው ከነሐሴ 29 ቀን 1987 እስከ መስከረም 4 ቀን 1988 ነበርና እንቁጣጣሽን እዚያ ዋልሽ። የኛን አበባ ማን እንደተቀበለ መጽሐፉ አያነሣም፤ ይሁን፣ ይህንን አልፌዋለሁ።

ወደ ዓለም አቀፉ ሥራ ስትሻገሪ የፈጸምሽውንም ቃለ መሐላ ሙሉውን ጽፈሽዋል፦ ከማንም መንግሥት መመሪያ ላለመጠየቅና ላለመቀበል። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር መቶኛ አንቀጽ ነው ብለሻል። ያን አንቀጽ እኔ ያወቅሁት በጽሑፍ አይደለም። በ1990 የባድመ ጦርነት ሲጀመር ዘመድ ሁሉ ስልክሽን ሲጠብቅ፣ የእትዬ ልጅ ዘምቶ ወሬው ሲጠፋ፣ አንቺ ደውለሽ ስለ ጤናችን ብቻ ጠየቅሽ። እትዬ «ከማን ወገን ናት?» ብላ አልቅሳለች። የአልጀርሱ ስምምነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 እስኪፈረም ድረስ ከአፍሽ አንድ ቃል አልወጣም። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። መጽሐፍሽን ሳነብ ግን ቢሮሽ ውስጥ ከአሥመራ የመጣች የሥራ ባልደረባ እንደነበረችሽ፣ ሁለታችሁም በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ» ተባብላችሁ ሌላ ምንም ሳትሉ ወደ ሥራችሁ ትገቡ እንደነበር አወቅሁ። ያ ገጽ ይቅርታን የሚያስገኝ ገጽ ነው፤ ለእትዬ እንዲነበብላት እፈልጋለሁ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የ2011ዱን ነው። ጥቅምት 15 ቀን ፓርላማው አምባሳደር ሣህለወርቅ ዘውዴን ፕሬዚዳንት አድርጎ ሲመርጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ተነሥተሽ እንደቆምሽና ሥነ ሥርዓቱ እስኪያልቅ እንዳልተቀመጥሽ ጽፈሻል። ከዳካር እስከ ጅቡቲ፣ ከፓሪስ እስከ ባንጊ፣ ከዚያም ናይሮቢ፤ እሳቸው ያለፉበትን መንገድ አንድ በአንድ ትቆጥሪና «ይህን መንገድ እግሬ ያውቀዋል» ትያለሽ። በዚያ ቀን ደውለሽልኝ መናገር አቅቶሽ ስልኩን ይዘሽ ዝም ስትዪ እኔም ዝም ብዬ ይዤልሻለሁ። የተባበሩት መንግሥታት ከተቋቋመ ጀምሮ ዘጠኝ ዋና ጸሐፊዎች አሉት፣ ዘጠኙም ወንዶች ናቸው። የዚያን ቀን ለምን እንዳለቀስሽ ለማንም ማስረዳት የለብሽም።

ግን እማዬ፣ 1983 የት ሄደ?

ጄኔቫ፣ አገራችንን በምትወክዪበት ሚሲዮን፣ ስላሳለፍሽው ስለዚያ ዓመት ያለው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «በግንቦት ወር የመንግሥት ለውጥ ሆነ። የሚሲዮኑ ሥራ ሳይቋረጥ ቀጠለ።» ከዚያ ገጹን ገልጠሽ ወደ 1984 ትሻገሪያለሽ። ለአንዲት ሐረግ ሌሊት ስታድሪ የኖርሽ ሴት ያን ዓመት በቅንፍ ውስጥ እንኳ አላስገባሽውም።

እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ መውጣቱ በሬዲዮ ሲነገር፣ እኔን ይዘውኝ የነበሩት እቴቴ መቁጠሪያቸውን ያዙና ቀኑን ሙሉ አላስቀመጡትም። ግንቦት 20 ታንኩ ከተማ ሲገባ እኔን አልጋ ሥር አስገብተው እሳቸው በሩ ላይ ተቀመጡ። በዚያው ሰሞን የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ የመስኮታችን መስታወት ረገፈ። ያኔ እቴቴን የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ነበር፦ «እማዬ አሁን የማን ናት?» የላከሽ መንግሥት የለም ይባላል፤ አንቺ ጄኔቫ ነሽ፤ እንግዲህ የማን ነሽ? እቴቴ መልሳቸው «የኔ ናት» ነበር። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

ከዚያ በፊት ደብዳቤሽ በዲፕሎማቲክ ቦርሳ ይመጣ ነበር፤ እቴቴ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆመው ተቀብለው ያመጡልኛል። ቦርሳው ሲቀር ደብዳቤውም ቀረ። ጎረቤት ቤት ስልክ ይደወላል፤ የማላውቀው ሰው «እናትሽ ደህና ናት፣ በርቺ ብላሻለች» ብሎ ይዘጋል። ማታ ማታ የአሜሪካን ድምፅና የጀርመንን ድምፅ እንከፍታለን፤ ስምሽ የሚጠራ ይመስለኝ ነበር። ከሰኔ 24 ጀምሮ የሽግግሩ ጉባኤ አፍሪካ አዳራሽ ሲካሄድ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሄጄ ከሰዉ መካከል ፈለግሁሽ። አዳራሹን አውቀዋለሁ፤ የአፈወርቅ ተክሌን መስታወት ልታሳዪኝ እጄን ይዘሽ ወስደሽኛል። ከዚያው በር የምትወጪ መስሎኝ ነበር።

የመጣሽው በሚቀጥለው ዓመት ነው። አቀፍሽኝ፣ ቁመቴን አደነቅሽ፣ ውጤቴን ጠየቅሽ። የት ነበርሽ ብዬ አልጠየቅኩሽም፤ እቴቴ እንዳልጠይቅሽ አስምለውኛል። ምን እንደሆንሽ የሰማሁት ከስንት ዓመት በኋላ በእቴቴ ለቅሶ ላይ፣ ከድሮ ባልደረቦችሽ ነው። ሌሎቹ ጥገኝነት ሲጠይቁ አንቺ ማኅተሙንና መዝገቡን ይዘሽ መቅረትሽን፣ የሚረከብሽ ሰው እስኪመጣ በየጠዋቱ ቢሮ ከፍተሽ መቀመጥሽን፣ ለኔም ያልደወልሽው ድምፄን ከሰማሽ ሁሉን ትተሽ እንደምትመጪ ስለምታውቂ መሆኑን እነሱ ነገሩኝ። ድንኳኑ ውስጥ በኩራት አለቀስኩ። ቀብሩ አልፎ ቤት ስገባ ግን ተናደድኩ። ለምን ከሰው እሰማለሁ? ለምን አንቺ አልነገርሽኝም? አሁንም ተናድጄ ነው የምጽፍልሽ እማዬ፤ ላለስልሰው ብሞክር ውሸት ይሆናል።

ስለዚህ ያን ምዕራፍ ጻፊው። ለአንባቢ ባይሆን ለኔ ጻፊው። እንዳመጣልሽ ይሁን፤ እኔ አስተካክለዋለሁ። መጻፉ ከከበደሽ በስልክ ንገሪኝና እኔ ልጻፈው።

መጻፉ ከከበደሽ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ፊደልሽ ያው የማውቀው ነው፤ ትልልቅ፣ ቀጥ ያለ። ወደ መሐል ሲደርስ መስመሩ በደህና ይጀምርና እየሄደ እየሄደ ያንሳል። የመጨረሻዎቹን ገጾች በኮምፒውተር አጉልቼ ነው ያነበብኳቸው። መነጽር መቀየር ነው ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። ከዚያ የጡረታ ፈንዱን የዘንድሮ ቅጽ ላክሽልኝ። በየዓመቱ ባለጡረታው በሕይወት መኖሩን በፊርማው ካላረጋገጠ ክፍያው እንደሚቆም ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። ያ በየመንግሥቱ ማስታወሻ ግርጌ ያኖርሽው ፊርማ አይደለም። አልላክሁትም፤ እኔ ጋ ነው። ጊዜ አለን፤ ደግሞ አሁን በስልክ መተግበሪያ ፊትን አሳይቶ ማረጋገጥም ስለሚቻል የአጎቴ ልጅ ይሞላልሻል። ስለ ገንዘቡ አታስቢ።

እኔ የማስበው ስለ ሌላው ነው። በክረምቱ ስንመጣ ስትራመጂ ቀኝ እጅሽ ከጎንሽ አይወዛወዝም ነበር። አብራሽ ያለችው ልጅ ቡና ስትቆላ ቤቱ ሁሉ ታውዶ አንቺ «ቡና አይፈላም እንዴ?» አልሽ፤ ሁሉም ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም። ስጠይቅሽ «ደህና ነኝ፣ እርጅና ነው» አልሽኝ። በ1983 በሰው ስትልኪብኝ የነበረውን መልስ ነው አሁን ራስሽ የሰጠሽኝ።

ፋርማሲስት ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ለዚህ የሚሰጠውን መድኃኒት በየቀኑ ለሰው አስረክባለሁ፣ ሲቀበሉኝ እጃቸውን አያለሁ። ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያዘገየው የነርቭ ሕመም ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ላይሆንም ይችላል፤ ለማቅለሽለሽ ብለው የሰጡሽ ሜቶክሎፕራማይድ ብቻውን እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፣ እሱ ከሆነ መድኃኒቱ ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። በደም ምርመራ የሚለይ ነገር አይደለም፤ የነርቭ ሐኪም ቁጭ ብሎ አይቶሽ፣ አራምዶሽ፣ አጽፎሽ ነው የሚያውቀው። ሆኖ ቢገኝም ሌቮዶፓ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለብዙ ሰው እጁንና እግሩን ይመልስለታል። ስንት አገር ስታስታርቂ ኖረሽ ለዚህ አትሸነፊም።

እኔ እዚህ ሆኜ አንቺ እዚያ መሆንሽ ያሳምመኛል። ነይ ብልሽ እንደማትመጪ አውቃለሁ፤ ቤቴን፣ መጻሕፍቴን፣ ለቅሶና ሰርጌን ትቼ የት እሄዳለሁ ትያለሽ፤ እውነትሽን ነው። እንግዲያው ለፋሲካ እኔ እመጣለሁ፣ ፈቃድ ጠይቄ ጨርሻለሁ። እስከዚያ ግን ሐኪሙ መጠበቅ የለበትም። የአጎቴ ልጅ ቀጠሮ ይዞልሻል፤ ማክሰኞ ጠዋት መጥቶ ይወስድሻል። ለእሱ እንዳትቆጪው፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ስትሄጂ የምትወስጂያቸውን መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው በቦርሳ ያዢ፤ የግፊቱንም፣ የማቅለሽለሹንም፣ እታለም የሰጠችሽን ቫይታሚንም። በራስሽ ግን አንዱንም አታቋርጪ። ከእጅ ጽሑፍሽ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ያዢለት፤ ያወዳድር። ሲጠይቅሽ መግለጫ አትስጪው። ቡናው እንደማይሸትሽ፣ ሌሊት አልጋ ላይ መገልበጥ እንደሚከብድሽ፣ ቁልፍ መቆለፍ እንዳቃተሽ ንገሪው። የመጨረሻውን ልጅቷ ናት የነገረችኝ፤ እሷንም አትቆጫት።

ውጤቱን ግን ራስሽ ደውለሽ ንገሪኝ፤ በማንም አትላኪብኝ። ሌሊት ቢሆንም እነሣለሁ።

ልጅሽ