ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ ዊንዶውስ 7 ለምትጠቀሙ አባላት

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ከፒያሳም ከአዘዞም «ኔትወርክ አልገባ አለኝ» የሚል ስልክ በዝቶብናል። እባካችሁ ፎርማት ለማስደረግ አትቸኩሉ።

ሲኤምዲ (cmd፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት) ከፍታችሁ አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብላችሁ ስትጽፉ የኮምፒውተሩ የኔትወርክ አድራሻ (IPv4) በ169.254 ከጀመረ፣ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ከሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ከራውተሩ፣ አድራሻ አላገኘም። የኔትወርክ ገመዱን ነቅላችሁ ሰኩ፤ መጀመሪያ ራውተሩን አስነሱ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን።

አድራሻው ደህና ሆኖ ድረ ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ ከመለሷችሁ ግን ቀኑን ተመልከቱ። ብዙዎቻችሁን ያስቸገረው ይሄ ነው። የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ባትሪ ሲሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያኔ የድረ ገጹ የደኅንነት ሰርተፍኬት (ድረ ገጹ ትክክለኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ) ጊዜው ገና ያልደረሰ ለኮምፒውተሩ ይመስለዋል። ባትሪው ሲአር 2032 ይባላል፣ ሳንቲም የሚያህል ክብ ነው። ቀኑን ስትሞሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁን! አንዲት እህታችን ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልታ ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ ፈታ ቆየች፤ በጣም አዝነናል።

የዊንዶውስ 7 መደበኛ ድጋፍ (የደኅንነት ማሻሻያው) በጥር 2012 ዓ.ም. ስለተቋረጠ የባንክ ሥራ አትሥሩበት። ባትሪ መቀየር የሚከብዳችሁ ኮምፒውተሩን ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንቀይራለን።