የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከባሕር ላይ ያሰራጩ የነበሩት ሬዲዮኖች

ክበባችን ዘንድሮ የሬዲዮ ሥርጭትን ያጠናው “ዘ ቦት ዛት ሮክድ” የተሰኘውን የሪቻርድ ከርቲስ ኮሜዲ መነሻ አድርጎ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ፊልም በ1960ዎቹ ከሰሜን ባሕር ላይ ለእንግሊዝ ሮክ ሙዚቃ ያሰራጩ የነበሩ አፈንጋጭ ዲጄዎችን ያሳያል። ለታዳጊዎች የማይሆኑ ትዕይንቶች ስላሉበት የታየው ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል አባላት ብቻ ነው፤ 135 ደቂቃ ስለሚረዝምም ከፋፍለን አሳይተናል።

ፊልሙ ያስቃል፣ ሙዚቃውም ግሩም ነው። ታሪኩን ግን እንዳለ መቀበል አይገባም። ጣቢያው ልብ ወለድ ነው፤ ከዘፈኖቹም አንዳንዶቹ ታሪኩ ከሚፈጸምበት ዘመን በኋላ የወጡ ናቸው። ከእውነተኞቹ የባሕር ላይ ጣቢያዎች አንዱ የሆነው ራዲዮ ካሮላይን ሥርጭት የጀመረው በመጋቢት 1964 እ.ኤ.አ. ሲሆን መሥራቹ አየርላንዳዊው ሮናን ኦራሂሊ ነበር። መርከቧ ከባሕር ዳርቻው ከ3 የባሕር ማይል ውጭ ስለቆመች የእንግሊዝ ሕግ አይደርስባትም ነበር። አድማጭም አላጣችም፤ ቢቢሲ ከሙዚቀኞች ማኅበርና ከሸክላ አሳታሚዎች ጋር በነበረው ስምምነት የተነሳ በቀን ሊያጫውት የሚችለው ሸክላ በሰዓት የተገደበ ነበር።

አባላቱን ይበልጥ የማረካቸው የአንቴናው ስሌት ነው። ካሮላይን የሞገዱን ርዝመት “199 ሜትር” እያለ ራሱን ቢያስተዋውቅም ማሰራጫው የሚሠራው በ1520 ኪሎኸርዝ ነበር። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ የሚጓዘውን 300,000 ኪሎ ሜትር ለ1520 ብናካፍል የሞገዱ ርዝመት 197 ሜትር ይመጣል፤ ሩቡ 49 ሜትር ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና የሞገዱን ሩብ ሲያህል በደንብ ያሰራጫል፤ አንቴና የነበረው የመርከቧ ምሰሶ 50 ሜትር ገደማ የነበረው ለዚህ ነው። ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፍ ባሕሩ እንደ ምርጥ የመሬት ሽቦ ያገለግላል፤ መካከለኛ ሞገድም በባሕር ላይ ከየብስ ይልቅ ርቆ ይጓዛል። ጨው ግን ጠላትም ነው፤ ምሰሶውን በያዙት ኢንሱሌተሮች (ኤሌክትሪክ የማያሳልፉ ማገጃዎች) ላይ ሲጋገር ኃይል ያፈሳል፣ ብልጭታ ያስነሳል። ፊልሙ ይህን የቴክኒሻን ድካም እምብዛም አያሳይም፤ ለእኛ ክበብ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው።

ስለ ባሕር ላይ ጣቢያዎቹ አወዳደቅም ብዙ ተወያይተናል። በፊልሙ እነዚህን ጣቢያዎች ያዘጋው የእንግሊዝ ሕግ የሚጸናው በጥር 1 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. ሲሆን በእውነት ግን በነሐሴ አጋማሽ ነበር። ሕጉ ለብሪታንያውያን በመርከቦቹ ላይ መሥራትን፣ ማስታወቂያ መስጠትንና ስንቅና ነዳጅ ማቀበልን ወንጀል አደረገ። ሌላው የባሕር ላይ ጣቢያ ራዲዮ ለንደን ነሐሴ 14 ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጋ፤ ቢቢሲ መስከረም 30 ቀን የፖፕ ሙዚቃ ጣቢያውን ራዲዮ 1ን ከፈተ። ካሮላይን ብትቀጥልም፣ በመጋቢት 1968 እ.ኤ.አ. በዚያን ጊዜ ሁለት ለነበሩት መርከቦቿ ስንቅ ያመላልስ የነበረው የሆላንድ ድርጅት ባልተከፈለ ዕዳ ጎትቶ ወሰዳቸው። ድምፅ ከባሕር ይምጣ እንጂ ናፍጣው፣ ምግቡና ገንዘቡ ከየብስ ነበር የሚመጣው።

በተግባር በኩል ያለ ባትሪ የሚሠራ የመካከለኛ ሞገድ መቀበያ ሠርተናል። ለአንዱ የሚያስፈልገው 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቫርኒሽ ሽቦ፣ ጣቢያ የሚቃኝበት 365 ፒኮፋራድ ተለዋዋጭ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ የጀርማኒየም ዳዮድ፣ ክሪስታል የጆሮ ማዳመጫ እና ከ15 እስከ 20 ሜትር የሚደርስ የአንቴና ሽቦ ነው። ቫርኒሽ ሽቦው በቱቦው ላይ 55 ጊዜ ተጠጋግቶ ይጠመጠማል። ከካፓሲተሩ ጋር ጎን ለጎን ሲገናኝ ከ530 ኪሎኸርዝ ጀምሮ ይቃኛል።

ድምፅ ሲጠፋ መጀመሪያ የሽቦው ጫፎች ይታዩ፤ ቫርኒሹ በአሸዋ ወረቀት ካልተፋቀ ብየዳው አይይዝም። የሲሊከን ዳዮድ ለመክፈት 0.6 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ ደካማውን ሲግናል ይውጠዋል፤ ጀርማኒየም 0.3 ገደማ ይበቃዋል። የስልክ ማዳመጫም እዚህ አይሠራም፣ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ 32 ኦም ብቻ ስለሆነ ጣቢያውን ያፍነዋል። የመሬት ሽቦው በእርጥብ አፈር ውስጥ በተተከለ ብረት ላይ ይታሰር፤ በበጋ ዙሪያው ውኃ ይፈልጋል። ደመና ሲከብድና መብረቅ ሲያሰጋ አንቴናው ይነቀል፣ ይህን በር ላይ ለጥፈነዋል።