ደብዳቤ ለልጄ፦ ማርነርን ታክስ ብቻ አልወሰደውም

ናሆሜ የኔ ጌታ፣ እንዴት ከረምክ?

ትናንት ለሰው ይሰጥ ብለህ የተውከውን የልብስ ፌስታል ስፈትሽ የሆኪ ተጫዋቹን የማርነርን የሜፕል ሊፍስ ማሊያህን አገኘሁት። ቁጥር 16። ለልደትህ የገዛሁልህ፣ ዋጋው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። በ2025 ከቶሮንቶው ቡድናችን ከሊፍስ ወደ ላስ ቬጋስ ሲሄድ «ለታክስ ብሎ ሸጠን» ያልከኝ ትዝ አለኝ። ሆኪ ብዙም አይገባኝም፤ በታክስ ግን ከእናትህ ጋር አትከራከር። በየኤፕሪሉ ደረሰኙን በጫማ ካርቶን ይዞ የሚመጣው ሐበሻ ሁሉ የሚስተናገደው እኛ ኩሽና ውስጥ ነው።

ልዩነትማ አለ። እዚህ ኦንታሪዮ ውስጥ የከፍተኛው እርከን ግብር 53.53 በመቶ ነው። ላስ ቬጋስ ያለ ሰው ለፌዴራሉ 37 በመቶ ይከፍላል፤ ኔቫዳ ራሷ የገቢ ግብር አትጠይቅም። ፍሎሪዳ፣ ቴክሳስና ቴነሲም እንደዚያው ናቸው። ማርነር በዓመት 12 ሚሊዮን ዶላር ነው የፈረመው። በግርድፉ ካሰላነው እዚህ ቢሆን ከሚቀርለት ላይ 2 ሚሊዮን ገደማ ተጨማሪ ይተርፈዋል። አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ የሚከፍለው የደሞዝ ጣሪያ ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው፤ በ2025-26 የውድድር ዘመን 95.5 ሚሊዮን። ታክስ የሌለበት ቡድን ተጫዋቹን ቀነስ ባለ ደሞዝ ያስማማና በተረፈው ሌላ ያስፈርማል። ያናድዳል፣ አልክድህም።

ግን ሂሳቡ እንደ ወሬው ቀላል አይደለም። ከውድድር ዘመኑ ጨዋታ ግማሹ ከሜዳ ውጪ ነው። ሎስ አንጀለስ ሄዶ ሲጫወት ካሊፎርኒያ ድርሻዋን ትቆርጣለች። ደሞ የፍሎሪዳው ቡድን ፓንተርስ ከ2001 እስከ 2011 አንዴም ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) አልገባም። ያኔስ ፍሎሪዳ ታክስ ነበር እንዴ? በ2024 እና በ2025 ዋንጫ ያነሳው ያው ግዛት ውስጥ ሆኖ ነው። ሌላው ኮከብ ካፕሪዞቭም የግዛቱ ግብር ወደ 10 በመቶ በሚጠጋበት ሚኒሶታ፣ በዓመት 17 ሚሊዮን ፈርሞ ቀርቷል።

የሊፍሱን ተጫዋች ታቫሬስንስ ረሳኸው? በ2018 ከኒውዮርክ ወደዚህ ሲመጣ፣ በልጅነቱ የሜፕል ሊፍስ አንሶላ ለብሶ የተኛበትን ፎቶ በስልክህ አሳይተኸኝ ነበር። እሱም የቶሮንቶን ታክስ አጥቶት አይደለም።

ማርነርም የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው። ሜይ 2025፣ የፕሌይኦፉ ሰባተኛ ጨዋታ፣ በሜዳችን 6 ለ 1 ተሸነፍን። አንተ ትራሱን ወርውረህ ክፍልህ ገባህ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አየሁ። ሰው ማሊያውን እያወለቀ በረዶው ላይ ይጥል ነበር። እናቱ ይህን ታይ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ባደገበት ከተማ እንዲህ ሲደረግበት ያየ ልጅ ሲሄድ እኔ በታክስ አላመካኝበትም።

ማሊያውን አጥቤ ቁም ሳጥንህ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። መጣል ከፈለግክ መጥተህ ራስህ ጣለው። የትምህርት ክፍያ ወረቀትህን ደግሞ ቶሎ ላክልኝ፤ አምና ኤፕሪል 29 ማታ ነው የላክኸው።

እናትህ