ልጣጩ ይሠራል፤ የተጠቀምንበትስ የት ይደርሳል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከባሕር ዳር ጁስ ቤቶች በየቀኑ የሚጣለው የብርቱካንና የሙዝ ልጣጭ እንደ እርሳስ፣ መዳብና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን ከፍሳሽ ይዞ ማስቀረት ይችላል። በተለይ በብርቱካን ልጣጭ ዋናው ያዥ ፔክቲን የተባለው በልጣጩ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው።

ልጣጩ ታጥቦ ይከተፋል፤ እንደ ድርቆሽ በእጅ እስኪሰበር ይደርቃል፤ ተፈጭቶ በወንፊት ይነፋል። ብዙዎች የሚዘሉት ቀጣዩን ነው፦ የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ዱቄቱን ደጋግሞ ማጠብ። ካልታጠበ ስኳሩና ቀለሙ ይለቃል፤ ውሃው ይቦካል፣ ይሸታል። ከዚያ ለ1 ሊትር ፍሳሽ ከ2 እስከ 5 ግራም ጨምሮ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ማማሰል፣ ማጥለል።

ለእርሳስ የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 5 አካባቢ ይሁን። ከ3 በታች ከወረደ በውሃው ያለው ሃይድሮጅን እርሳሱን በልጣጩ ላይ የሚይዝበትን ቦታ ይሻማዋል፣ እርሳሱም በውሃው ውስጥ ይቀራል። የክሮሚየም ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ የዚህ ብረት መርዛማ ዓይነት፣ ባለ ስድስቱ ክሮሚየም (Cr(VI))፣ በተቃራኒው ፒኤች 2 አካባቢ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ሳይለኩ መጨመር ልፋት ብቻ ነው።

የጣናን ውሃ በዚህ አጣርቶ መጠጣትማ አይታሰብም፤ ልጣጭ ጀርም አይገድልም።

እነዚህን ከባድ ብረቶች የያዘው ያገለገለ ዱቄት ለከብት፣ ለማዳበሪያም ሆነ ለማገዶ አይሆንም። ዓባይ ዳር ከተደፋ የተያዘው ተመልሶ ይገባል። ከተማ አስተዳደሩ እንዲህ ያለ ሙከራ ከመፍቀዱ በፊት የማስወገጃውን ቦታ በጽሑፍ ይጠይቅ።

ከባሕር ዳር