ከባዕድ ጂን በፊት የአገራችንን ሞላሰስ የሚችል ሻጋታ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በዘረመል ምህንድስና ሻጋታን መድኃኒትና ኬሚካል ማምረቻ ስለማድረግ ሲጻፍ ወሬው ሁሉ ባዕድ ጂን ስለማስገባት ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች ግን መጀመሪያ በአስፐርጊለስ ናይጀር፣ በጥቁሩ ሻጋታ፣ ላይ ሁለት ጂን ቢያጠፉ ይሻላል እንላለን።

ምክንያታችን ለሻጋታው መኖ ሊሆን የሚችለው የወንጂና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስ (ስኳር ሲመረት የሚቀረው ወፍራም ዝቃጭ) ነው። ጄምስ ከሪ እ.ኤ.አ. በ1917 እንዳሳየው ይህ ሻጋታ ብዙ ስኳር ባለበትና አሲዳማ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ሲትሪክ አሲድ (ለምግብና ለመጠጥ ማኮምጠጫ የሚውለውን) አትረፍርፎ ያመርታል። የሸንኮራ ሞላሰስ ግን ብረትና ማንጋኒዝ ይበዛበታል። በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም ማንጋኒዝ እንኳ ምርቱን በጉልህ ይቀንሰዋል፤ እንክብል ሆኖ ማደግ የሚገባው ሻጋታ ረጃጅም ክር ያወጣል፣ ፈሳሹ ይወፍራል፣ አየርም እንደልብ አይገባውም። የተለመደው መላ የቀጠነውን ሞላሰስ አሙቆ ፖታሲየም ፌሮሳያናይድ በተባለ ጨው ብረታ ብረቱን ማዝቀጥ ነው። መጠኑ ከበርሜል በርሜል ስለሚለያይ በየጊዜው በትንሹ መሞከር ግድ ነው፤ ከበዛ ሻጋታውን ራሱን ያዳክማል። ይህን ጨው ከጠንካራ አሲድ ጋር ማፍላት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፣ መርዛማ የሳያናይድ ጋዝ ይወጣል።

የሚጠፉት ጂኖች አንዱ ግሉኮኒክ፣ ሌላው ኦክሳሊክ አሲድ የተባሉ የማይፈለጉ ተረፈ ምርቶችን የሚሠሩ ኢንዛይሞችን የሚያዙት ናቸው። ፋብሪካዎች ፒኤቹን (የአሲዳማነት መለኪያውን፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ3 በታች የሚያወርዱት እነዚህን ለማፈን ነው። ሁለቱም ኢንዛይሞች የጎደሉት የሻጋታ ዘር በፒኤች 5 ሲትሪክ አሲድ እንደሚያመርት፣ ማንጋኒዝም እንደማያውከው እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል።

አሠራሩ የለጋውን ክር ግድግዳ በኢንዛይም ማሟሟት፣ ሴሉ እንዳይፈነዳ 1.2 ሞላር ሶርቢቶል (የስኳር አልኮል) ውስጥ ማቆየት፣ በካልሲየምና ፖሊኢትሊን ግላይኮል በተባለ ኬሚካል አማካይነት የሚጠፋውን ጂን የሚተካውን ዲኤንኤ ማስገባት፣ ከዚያም ዲኤንኤው ያልገባበትን የሚገድለው ሃይግሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ባለበት ሳህን ላይ መምረጥ ነው። ዲኤንኤው ብዙ ጊዜ ካልታሰበ ቦታ ይሰካል፤ ኬዩ70 የተባለው ጂን የሌለው ዘር ይህን በእጅጉ ይቀንሳል። በአንድ ክር ውስጥ ብዙ ኒውክለስ (ዲኤንኤ የሚይዝ የሴል እምብርት) ስላለም የተለወጠውና ያልተለወጠው ተደባልቀው ይቆያሉ። ከነጠላ ስፖር (የሻጋታ መራቢያ ብናኝ) ደጋግሞ ሳያጠሩ ውጤት ማወጅ ራስን ማታለል ነው።

ጂን የማይፈታው ችግር አየር ነው። ምርት ላይ ሳለ አየር ለአጭር ጊዜ ቢቋረጥበት ሻጋታው አይሞትም፣ ማደጉንም አይተውም፤ አሲድ የማምረት አቅሙ ግን ተመልሶ አይመጣም። መብራት ጠፍቶ ጄነሬተር እስኪነሳ ያለው ክፍተት እንኳ ያሰጋል። በጀት የሚያጸድቁ ኃላፊዎች ውድ የጂን ማንበቢያ ከማዘዛቸው በፊት ለአየር መጭመቂያውና ለማማሰያው ሞተር መጠባበቂያ ባትሪ ይግዙ።

የባዮቴክኖሎጂ ባለሙያዎች፣ ከአራት ኪሎ